የማን ነው ብዬ ያልጠየኩት ማሳ

2008 ላይ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ልኬታ ላይ እሰራ ነበር። ከላይ የተነሳ የመሬቱ ፎቶ ታትሞ ይሰጠናል፣ ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጋር ማሳ ለማሳ እየዞርን ጎረቤት እየመሰከረ ወሰኑን እናሰምራለን፣ ባለይዞታውን እንመዘግባለን።

ሚያዝያ ላይ ነው፣ የዛን ቀን ኮሚቴው ለቅሶ ሄዷል፣ እኔ ደሞ ኮታ አለብኝ ቸኩያለሁ። አንድ ልጅ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ወሰን ስጠይቀው ይሄ የእገሌ ያ የእገሌ እያለ የአካባቢውን ማሳ ሁሉ ከነድንበር ድንጋዩ ነገረኝ። እሱ በሚያርሰው ላይ የሱን ስም ጻፍኩ። የማን ነው ብዬ አልጠየኩም፣ ስላረሰው ብቻ የሱ መሰለኝ።

ዝርዝሩ ለህዝብ ሲለጠፍ አንዲት እማሆይ አረንጓዴ የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። "ልጄ፣ መሬቴን ለማን ሰጠህብኝ?" አሉኝ። እኔ መልስ ሳጣ ልጁ ራሱ ከሰው መሀል ወጥቶ "የሳቸው ነው፣ እኔ የእኩል አራሽ ነኝ" አለ። ወዲያው ተስተካከለ።

ከዛ ቁጭ ብለን አወራን። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ የ8 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከዛ ወዲህ እነሱ ጋር ሽግሽግ አልነበረም፣ የአባቱ አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር ገደማ፣ ደሞ ለስድስት ወንድምና እህት ነው። ያኔ 27 ዓመቱ ነበር፣ ሁለት ልጆች ነበሩት። መሬት አልባ ወጣት ተብሎ ቀበሌ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ነበር፣ እስከዛን ጊዜ የመጣ ነገር አልነበረም፣ በየዓመቱ ለሰሊጥ ስራ ሁመራ ይወርድ ነበር። ያን ሰሞን ሬዲዮኑ ስለ ባለሁለት አሃዝ እድገት ነው የሚያወራው። እድገቱ ውሸት ነው አልልም፣ አስፋልቱን ጤና ጣቢያውን በአይኔ አይቻለሁ፣ ግን አርሶ የሚያበላን ሰው የሚቆምበት መሬት ከሌለው እድገቱ ለሱ ምኑ ነው?

ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በዓመቱ ለሌላ ስራ ስመለስ ማሳው ላይ ሌላ ሰው ያርሳል። የእማሆይ ልጆች "ስሙ አንዴ ተጽፏል፣ ነገ የኔ ነው ይላል" ብለው እናታቸውን አስፈራርተው የእኩል እርሻውን ነጠቁት። ቄስ ይዤ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው እሱ አልዋሸም ብዬ ለመንኳቸው። "አውቃለሁ ልጄ፣ እሱማ እውነተኛ ነው፣ ልጆቼ ግን ፈሩ" አሉኝ።

ሚስቱ ጋ ስሄድ ሁመራ ወርዷል አለችኝ።