የእድራችን አማካይ አባል ማን ነው?

የእድራችን ጸሐፊ የሆንኩት ኮምፒውተር ስለምነካ ብቻ ነው። ከኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ ዓይናቸው ሲደክም ጠቅላላ ጉባኤው «ያ ኤክሴል የሚችለው ልጅ ይያዘው» ብሎ በጭብጨባ ደብተሩን አስረከበኝ። የመጀመሪያ ሥራዬም ወርሃዊ መዋጮ ይጨመር ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለውን በቁጥር አስደግፎ ማቅረብ ሆነ። አባሎቻችን 120 አባወራና እማወራ ናቸው። ቅጽ አዘጋጅቼ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ።

ችኩል ነኝና ሁሉንም ሳላዳርስ በእኛ መደዳ ያሉትን 9 ቤቶች ገቢ ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። «የአባሎቻችን አማካይ የወር ገቢ 16,000 ብር ነው። 50 ብር ቢጨመር ማንንም አይጎዳም» አልኩ።

የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ከነዚህ ቤቶች 16,000 የሚያገኘው የትኛው ነው?» አሉኝ።

ዝርዝሩን ወደ ታች አየሁ። አንድም የለም።

ቁጥሮቹ 4,000፣ 5,000፣ 5,500፣ 6,000፣ 7,000፣ 8,000፣ 8,500፣ 10,000 እና 90,000 ነበሩ። የመጨረሻው እህል በጅምላ የሚነግድ ጎረቤታችን ነው። ድምሩ 144,000፣ ለ9 ሲካፈል 16,000 ይመጣል፤ ማካፈሉ ላይ እንከን የለም። ነገር ግን ከዘጠኙ ቤቶች ስምንቱ ከአማካዩ በታች ናቸው። ነጋዴውን ብናወጣው አማካዩ 6,750 ላይ ዘጭ ይላል። ሚዲያን የሚባለው፣ ማለትም ሁሉም ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲሰለፉ መሐል ላይ የሚቆመው፣ 7,000 ነው። ነጋዴው ሲወጣ ቤቶቹ ስምንት ስለሚሆኑ የመሐለኞቹን ሁለት፣ የ6,000ንና የ7,000ን፣ አማካይ እንወስዳለን፤ 6,500 ይሆናል። ሰውየው ነገ 900,000 ቢያገኝ ሚዲያኑ ንቅንቅ አይልም። አማካዩ ግን ወደ 106,000 ይተኮሳል፣ የኛ መደዳ በወረቀት ላይ የሀብታም ሰፈር ይሆናል ማለት ነው።

ዳኛው ስታቲስቲክስ ተምረው አያውቁም። የጠየቁት ግን እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ የረሳሁትን ነው።

ሌላም ነገር ያኔ ገባኝ። ዘጠኙን ቤቶች የመረጥኳቸው ቅርብ ስለሆኑ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት፣ በቀን ሥራ የሚኖሩት አባሎቻችን በናሙናዬ ውስጥ የሉም። በዚያ ላይ ገቢን በር ላይ ቆሞ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ሰውም ቀነስ አድርጎ ነው የሚነግርህ። ስለዚህ 120ውንም አዳርሼ ሚዲያኑን ከያዝኩ በኋላ እንኳን «ቢያንስ ይህን ያህል» እያልኩ ነው ያቀረብኩት።

ሁሉንም ሞልቼ ስጨርስ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ለሥራ ዓይነት ኮድ ሰጥቼ ነበር፤ 1 የመንግሥት ሠራተኛ፣ 2 ነጋዴ፣ 3 ጡረተኛ፣ 4 የቀን ሠራተኛ። ኤክሴል ቁጥር እስካየ ድረስ አይጠይቅህም፤ የሁሉንም ዓምድ አማካይ ደረደረልኝ። የአባሎቻችን አማካይ ሥራ 2.3 ሆነ። ከነጋዴ ትንሽ አለፍ ብሎ ጡረታ ያልደረሰ ሰው መሆኑ ነው! የቤት ቁጥርና የስልክ ቁጥርም አማካይ ወጥቶላቸው ነበር። እነዚህ አኃዝ ይልበሱ እንጂ ስም ናቸው። ለእንዲህ ያለው ትርጉም የሚሰጠው ሞድ ነው፣ ማለትም ከሁሉ በላይ የተደጋገመው። እኛ ዘንድ ጡረተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ለእድር ደግሞ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም።

የትምህርት ደረጃ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ማንበብ የማይችል፣ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ዲፕሎማ እያለ ቅደም ተከተል አለው። በደረጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን እኩል ነው ማለት አይቻልም፤ እዚህ ሚዲያን እንጂ አማካይ አያስኬድም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ «ስብሰባ በስንት ሰዓት ይመችዎታል?» የሚለው ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው 2 ወይም 3 ሲል ከዱባይ የተመለሰች አንዲት አባላችን፣ ስልኳ በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ 8 ብላ ሞላች። ሁሉም ስለ ጠዋቱ ነው የሚያወሩት። ይህን ሳስተካክል ነው አንድ የቆየ እንቆቅልሽ የተፈታልኝ። 4 ሰዓት የ2 ሰዓት እጥፍ ነው? በእኛ ሲታይ ይመስላል። በፈረንጁ ግን እነዚሁ ሰዓቶች 10 እና 8 ናቸው፤ እጥፍነቱ የት ገባ? በሁለቱም ሳይለወጥ የቀረው የሁለት ሰዓት ልዩነቱ ነው። መቁጠሪያው የሚጀምርበት ነጥብ በስምምነት የተቀመጠ ስለሆነ መቀነስ ይቻላል፣ «እጥፍ» ማለት አይቻልም። ዓመተ ምሕረትም እንደዚሁ ነው፤ እኛና ፈረንጆቹ ከተለያየ ቦታ ስለጀመርን ቁጥሩ ይለያያል፣ በሁለት መስከረሞች መካከል ያለው ርቀት ግን አንድ ነው። ብር ሲሆን ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ነው፣ ኪስ ባዶ ነው፤ 8,000 የ4,000 እጥፍ ነው ብትል ማንም አይከራከርህም። እነዚህን አራት የመረጃ ዓይነቶች፣ ማለትም እንደ ሥራ ኮድ፣ እንደ ትምህርት ደረጃ፣ እንደ ሰዓትና እንደ ብር ያሉትን፣ ለይቶ ስም ያወጣላቸው ስታንሊ ስሚዝ ስቲቨንስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው፣ በ1946 እ.ኤ.አ። በሁለት ሰዓት አቆጣጠር ለሚኖር አበሻ ሦስተኛውን ማስረዳት እንዴት እንደሚቀል ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር።

ዕድሜ ላይ የሠራሁት ስህተት ያሳፍራል። ዕድሜያቸውን ለማያውቁ አባላት 99 ጻፍኩ፤ 12 ነበሩ። ዕድሜያቸው ታውቆ የተመዘገበላቸውን ሰዎች ለብቻቸው ካሰላኋቸው አማካዩ 52 ነው፤ 99ኞቹ ሲደባለቁ ወደ 57 ተጠጋ። ሳጥኑን ባዶ ብተወው ኤክሴል ይዘለው ነበር። ያወቁት ሰዎች ዕድሜም ቢሆን በአብዛኛው 40፣ 45፣ 50፣ 60 ነው፤ 47 ወይም 61 የሚል ሰው በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። ይህ የእኛ ሰፈር ጠባይ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ የ1976፣ የ1987ም ሆነ የ1999 የሕዝብ ቆጠራ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ሰው ተከምሮ ነው የሚታይባቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ወጪው ስመለስ ጳጉሜን ጠበቀችኝ። በዓመቱ 12 ሐዘን ነበረን፤ ለእያንዳንዱ 13,000 ብር ከፍለን ድምሩ 156,000 ሆኗል። ሰንጠረዡ 13 ረድፍ ስላለው አማካይ የወር ወጪ 12,000 አለኝ። መዋጮ የምንሰበስበው ግን 12 ጊዜ ነው፤ በጳጉሜን ማንም አይከፍልም። ትክክለኛው አካፋይ 12፣ መልሱም 13,000 ነው። ባላስተውል ኖሮ ዓመቱን በ12,000 ብር ጉድለት ነበር የምንዘጋው።

13,000ውን ለ120 አካፍዬ 110 ብር ይበቃል ብዬ ልጨርስ ስል ገንዘብ ያዧ፣ «አምና በሐምሌ ከሰው ተበድረን እንደነበር ረሳኸው?» አለችኝ። የሁለቱን ዓመት ሐዘን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ካቻምናም አምናም 12 ነው፣ በወር አማካይ 1። ካቻምና ስምንት ወር አንድ አንድ፣ ሁለት ወር ሁለት ሁለት፣ በሁለቱ ወር ምንም የለም። አምና ግን በሐምሌ 5፣ በነሐሴ 4፣ በሦስት ወር አንድ አንድ፣ የቀሩት ሰባት ወራት ባዶ። ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ለካቻምና 0.6፣ ለአምና 1.7 ወጣ። በሁለቱ የክረምት ወራት ብቻ 117,000 ብር ከካዝና ወጥቷል። አማካይ 1 ነው እያልክ በሐምሌ አምስት ድንኳን አትተክልም።

ጉባኤው መዋጮውን 110 ብር አድርጎ፣ ለመጠባበቂያ የሚሆን 15 ብር ለብቻው ጨመረበት። ዳኛው ሚዲያኑን ራሳቸው አነበቡ፤ ቃሉን ግን «የመሐለኛው ሰው ገቢ» ብለው ቀየሩት፤ እኔም ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የምለው።

የ99ኞቹን ለማስተካከል እንደገና ቤት ለቤት ዞርኩ። ከ99ኞቹ አንዷ የሆኑት እማማ አሁንም ዕድሜያቸውን አያውቁም፤ «ጣልያን ሲወጣ እናቴ አዝላኝ ነበር» ነው የሚሉት። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው። በዕድሜው ዓምድ 85 ብዬ ጻፍኩና ትንሽ አሰብኩ፤ ከጎኑ አዲስ ዓምድ ከፍቼ «በግምት» አልኩበት።