2.5 ኪሎ ቆሮሶ ዓሣ የጣለው ኮምፓይለሬ

ኮምፓይለሬ (የጻፍኩትን ኮድ ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው ፕሮግራሜ) በመጨረሻ ነጥብ ያለው ቁጥር ማተም ቻለ! ስለ ፓርሰሩ (ኮዱን አንብቦ ስለሚተነትነው ክፍል) ብዙ አልልም፤ እሱ በየመማሪያው አለ። ጉዱ የመጣው ለኤክስ86-64 (ለተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) የማሽን ኮድ ማውጣት ስጀምር ነው።

መሞከሪያዬ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር የሚሸጥ ቆሮሶ ዋጋ አስልታ የምታትም አጭር ፕሮግራም ናት። በሙሉ ቁጥር ሰላም ናት። 2.5 ኪሎ ሲሆን ሴግመንቴሽን ፎልት ብላ ትወድቃለች። እሱም ሁሌ አይደለም፤ «ዋጋ(2.5)» (አስልቶ የሚያትመው ፈንክሽን በ2.5 ሲጠራ) ብቻውን ይሠራል፣ «10 + ዋጋ(2.5)» ይወድቃል። (10 ብሯ የባጃጅ ናት። በዚህ ዘመን በ10 ብር የት ይኬዳል እንዳትሉኝ።)

«ፕሪንትኤፍ እያስገባህ ፈልገው» የሚሉ ሰዎች እዚህ አይጠቅሙም፤ የሚወድቀው «ዋጋ» የሚያትምበት የሲ ፈንክሽን፣ ራሱ ፕሪንትኤፍ ነው። ጂዲቢን (የፕሮግራም ስሕተት መፈለጊያውን) ክፈቱና የወደቀበትን ኢንስትራክሽን እዩ። የእኔ «ሙቭኤፒኤስ» ላይ ቆሟል። እሱ ደግሞ 16 ባይት የሚጽፍበት አድራሻ ለ16 እኩል ካልተካፈለ ፕሮግራሙን ይጥላል። አርኤስፒን (የስታክን፣ ማለትም የጊዜያዊ ማስቀመጫ ቁልሉን፣ ጫፍ አድራሻ የሚይዘውን የፕሮሰሰር ሬጅስተር) ሳየው መጨረሻው 8 ነው።

በሊኑክስ ስምምነት፣ «ኮል» (ፈንክሽን መጥሪያው ኢንስትራክሽን) ከመደረጉ በፊት አርኤስፒ ለ16 መካፈል አለበት። ኮል 8 ባይት የመመለሻ አድራሻ ይገፋል፤ የተጠራው ፈንክሽን አርቢፒ የሚባለውን ሬጅስተር ሲገፋ 16 ይሞላል። የእኔ ኮምፓይለር ግን 10ሯን ስታክ ላይ አስቀምጦ ነው «ዋጋ»ን የሚጠራው። በ8 ተዛነፈ። ሁለት ነገር ገፍቶ ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው! ሙሉ ቁጥርን ያዳነው የኤኤል ሬጅስተር (ስንት ነጥብ ያለው ቁጥር እንደተላከ ለፕሪንትኤፍ የሚነገርበት) ነው። እዚያ ዜሮ ካለ ፕሪንትኤፍ የኤክስኤምኤም ሬጅስተሮችን (ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች የሚላኩባቸውን) ማስቀመጡን ይዘለዋል፣ ሙቭኤፒኤስ ጋ አይደርስም።

አንድ ጓደኛዬ «ከኮል በፊት 8 ቀንስ፣ በቃ» አለኝ። ያኔ ደግሞ የሚሠራው ይወድቃል። አርኤስፒን ከ-16 ጋር «ኤንድ» (AND) ማድረግም መፍትሔ ነው፤ ግን የድሮውን አርኤስፒ የት ላስቀምጥ የሚል ጣጣ አለው። ስቸኩል እኔም እጠቀመዋለሁ፣ አልዋሽም። ደህናው መንገድ ኮምፓይለሩ የገፋውን ራሱ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። ጎዶሎ ከሆነ ከኮል በፊት 8 ይቀንስ፣ ሲመለስ ይጨምር። የሎካል ቫሪያብሎችን ቦታም ወደ 16 ብዜት አጠጋጉት።

ከ6 በላይ ሙሉ ቁጥር አርጉመንት (ለፈንክሽኑ የሚሰጥ ግብዓት) ካላችሁ ትርፉ በስታክ ይሄዳል። ያኔ ማስተካከያዋ 8 ባይት ከአርጉመንቶቹ በፊት ትግባ፤ ከኋላ ከገባች የተጠራው ፈንክሽን የሚያነበው ሌላ ነገር ነው።