የእድሩ ደንብ ወደ ላቲን የተለወጠበት ጠዋት

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው። ዲዛይኑም፣ ጽሑፉም፣ የኮምፒውተር ጥገናውም የእኔ ሥራ ነው። ለእኛ ጥር ማለት ሰርግ ነው። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ የጥሪ ካርድ ከእጃችን አይጠፋም።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ያኔውኑ ነግረውኝ ነበር። «ሰው ሁሉ ፍላሹን እየመጣ ይሰካብናል። የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ኮምፒውተር መሥራት ይቅርብን» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ቆየሁና፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ ሥራ በተደራረበበት ሳምንት፣ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ዊንዶውስ 11 ጫንኩ።

ዋናው ኮምፒውተራችን ላይ የነበረው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው፤ ቢት ማለት ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን መለኪያ ነው። ዊንዶውስ 11 ያለው ደግሞ በ64 ቢት ብቻ ነው። ከ32 ወደ 64 በላዩ ላይ ማሻሻል ስለማይቻል ዲስኩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ግድ ይላል። ሰነዶቹን አንድ በአንድ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። ፋይሉ ካለ ሌላው ቀላል ነው ብዬ ተኛሁ።

በነጋታው መጀመሪያ የገቡት የአንድ እድር ጸሐፊ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። የመተዳደሪያ ደንባቸውንና የአባላት መዝገባቸውን አሻሽለን ልናትም ተቀጣጥረን ነበር። ፋይሉን ከፈትኩት። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ገጹን የሞላው የላቲን ፊደልና ጭረት ነው። አባባ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ያረፉት አባሎቻችን ስም እዚህ ውስጥ ነው እኮ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የሆነው እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ቦታው ለሁሉም ስለማይበቃ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ያከፋፍሉታል። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው አማርኛ አይደለም፤ የላቲን ኮድ ነው። አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። እኔ ሰነዱን ገልብጬ ፎንቱን ከዲስኩ ጋር አጥፍቼዋለሁ።

የድሮውን ሲዲ ፈልጌ አገኘሁ። መጫኛው ግን አልነሳ አለ። ባለ 16 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ እንደዚያ ያለ ፕሮግራም አያሠራም። በዚህ መሃል የሙሽራ ወገኖች ካርዳቸውን ሊያዩ መጡ። የእነሱ በዩኒኮድ የተጻፈ ስለሆነ ፊደሉ አልጠፋም፤ ነገር ግን በኒያላ ፎንት ያሰናዳሁት ጽሑፍ በሌላ ፎንት ተተክቶ፣ መስመሩ ተንሸራቶ፣ የሙሽሪት ስም ሁለተኛ ገጽ ላይ ወድቋል። ኒያላ አሁን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ አይጫንም። ሴቲንግ ውስጥ ካሉት አማራጭ ፊቸሮች የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶችን ማውረድ ነበረብኝ። አወረድኩት፤ ካርዱ ተስተካከለ።

የእድሩን ያዳነን በር ላይ ያለው፣ ደረሰኝ የምንቆርጥበት አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ገና አልነካሁትም ነበር። የፎንት ማህደሩን ስከፍት የድሮዎቹ ፎንቶች አሉ። 64 ቢት ላይ የማይሠራው መጫኛው እንጂ ፎንቱ አይደለም። በፍላሽ ወስጄ ጫንኳቸው። ስሞቹ ተመለሱ።

አባባ ቢደሰቱም እኔ በዚያ ማቆም አልፈለግኩም። ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ቀየርኩት። ሲቀየር «ቧ» እና «ጓ»ን የመሳሰሉ ፊደላት ተዛብተው ስለነበር፣ እሳቸው የታተመውን አሮጌ ደንብ ጮክ ብለው እያነበቡ፣ እኔ ስክሪኑን እየተከተልኩ አረምነው። ያረፉት ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝግ ይላል። እኔም አላጣደፍኳቸውም። ስንጨርስ መሽቶ ነበር።

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ የበሩ ኮምፒውተር ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። «ፎንቱ ሳይገለበጥ፣ ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ሳይታይ አይነካም» ብዬ ጻፍኩበት። ጋሼ በማግስቱ አነበቡትና፣ ከሥሩ በራሳቸው እጅ «ሰርግም ሳያልፍ» ብለው ጨመሩበት።