ድንኳናችን ጫካ፣ ውሏችን ዋሽንግተን

ዲሲን ለመጎብኘት የግድ ሆቴል አያስፈልግም። እኛ ድንኳን የተከልነው ሜሪላንድ፣ ግሪንቤልት ፓርክ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚያስተዳድረው ጫካ ሲሆን ከዋና ከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ከሌሎች የድንኳን ቦታዎች የመረጥኩት በባቡሩ ምክንያት ነው። የሜትሮው አረንጓዴ መስመር እዚያው አካባቢ፣ ግሪንቤልትና ኮሌጅ ፓርክ ላይ ጣቢያ አለው። ዛሬ መኪናችንን ጣቢያው አቁመን በባቡር ሄደን አርካይቭስ የሚባለው ጣቢያ ወረድን። ስንወጣ ናሽናል ሞል፣ ሙዚየሞች የከበቡት ሰፊው ሜዳ፣ ፊታችን ነው። ከተማ ውስጥ ፓርኪንግ ፍለጋ መዞር የለ፣ ቅጣት መፍራት የለ!

የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ ነፃ መሆኑ ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጆቹ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ገብተው ዳይኖሰሮቹን ጥለን አንሄድም አሉ። እኔም አላስቸኮልኳቸውም። ብር ያልተከፈለበት ቦታ ላይ ማን ይቸኩላል?

ስንመለስ በዚያው መስመር ሾ የሚባለው ጣቢያ ላይ ወረድን። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሰፈር ነው። በየዓይነቱ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ከዚያ ወደ ጫካችን።

ለመሄድ ያሰባችሁ ግን፣ ድንኳን መትከያው ላይ የመብራት መሰኪያ የለም። ፓወር ባንክ ያዙ። ቦታም ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት አስይዙ፤ በተለይ ለቅዳሜና እሑድ።