በሁርቫ ምኩራብ ፊት ለፊት የቀረበልኝ ጥያቄ

በኢየሩሳሌም አማርኛ ተናጋሪዎችን የማስጎብኘት ሥራ ስሠራ ብዙ ጥያቄዎች ቀርበውልኛል፤ አሠራሬን የለወጠው ግን በአሮጌው ከተማ የአይሁድ ሰፈር፣ በሁርቫ ምኩራብ ፊት ለፊት የተነሣው ነው። እንግዶቼ ከጎንደር አካባቢ ወደ እስራኤል የገቡ አረጋውያን ነበሩ። ስለ ምኩራቡ ጥንታዊነት መናገር እንደ ጀመርኩ አንድ አባት በከዘራቸው ግድግዳውን እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ይህ ድንጋይ እኮ ገና አዲስ ነው፤ ጥንታዊው የቱ ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ተገቢ ስለ ነበር መግባቱን አቆየሁትና ሁሉንም ጥላ ሥር አስቀምጬ ከመነሻው ተረክሁላቸው። በ1700 እ.ኤ.አ. ረቢ ይሁዳ ሄሐሲድ ተከታዮቻቸውን አስከትለው ከአውሮፓ መጡ፤ እርሳቸው ግን ከደረሱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ምኩራብ ማሠራት ቢጀምሩም ማኅበረሰቡ ዕዳውን መክፈል ስላልቻለ ምኩራቡ በዚያው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአበዳሪዎች እጅ ወደመ፤ ቦታውም «ፍርስራሽ» ማለት የሆነውን የዛሬ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ የኦቶማን ሱልጣን አርክቴክት የነበረው አሳድ ኤፈንዲ በነደፈው ፕላን መሠረት፣ ጉልላቱ በአራት ታላላቅ ቅስቶች ላይ ያረፈ፣ በጉልላቱ ግርጌም ዙሪያውን መስኮቶች ያሉት አዲስ ምኩራብ በ1864 ተጠናቀቀ። ይህንንም የዐረብ ሌጌዎን የሚባለው የዮርዳኖስ ጦር በግንቦት 1948 አፈረሰው። ከ1967 ጦርነት በኋላ ታዋቂው አርክቴክት ሉዊስ ካን ፍጹም ዘመናዊ ንድፍ አቀረበ፤ ንድፉ ግን ሳይሠራ ቀረ። በ1977 ከቅስቶቹ አንዱ ብቻ ለመታሰቢያ ቆመና ለዓመታት ብቻውን ኖረ። በመጨረሻም አርክቴክት ናሁም መልጸር የ19ኛውን መቶ ዓመት መልክ ተከትሎ ያሳነጸው የዛሬው ሕንፃ በመጋቢት 2010 ተመረቀ።

አባትየው በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «በአገራችንም የጸሎት ቤታችን ክዳን ሲያረጅ ሣሩን እንለውጥ ነበር፤ ቤቱ ግን ያው ነው» አሉ። ይህን በአክብሮት ሰማሁ፤ ሆኖም የቆመን ቤት ማደስና ከ60 ዓመት በላይ ፈርሶ የቆየን መመለስ አንድ እንዳልሆኑ ነገርኳቸው። የፈረሰበትን ዘመን ዘልሎ ውበቱን ብቻ የሚያሳይ አስጎብኚ፣ ጉልላቱ ማንም ሳይነካው ዛሬ ላይ የደረሰ ያስመስለዋል፤ ይህ ደግሞ ላፈረሱትም ሆነ መልሰው ለገነቡት የሚገባውን ታሪክ ይደብቃል። መልጸር የቀድሞውን ቅርጽ መምረጡንም እደግፋለሁ፤ የካን ንድፍ ታላቅ ቢሆንም የከተማዋ ሰው በፎቶግራፍ የሚያውቀውን ጉልላት አይመልስለትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ቅስቱ ብቻውን የቆመበትን ዘመን ፎቶግራፍ ለእንግዶቼ አሳያለሁ፤ ጀማሪ ባልደረቦቼንም እንዲሁ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። አንዳንዶቹ ይህ ከጉልላቱ በረንዳ ከተማዋን ለማየት የተመደበውን ጊዜ እንደሚወስድ ይናገራሉ። እውነት ነው፤ ጊዜ ሲያጥረኝ ግን የማሳጥረው የበረንዳውን ቆይታ ነው።