ትንቢቱን ከረቂቄ ሰረዝኩት

ሁለት ጀግኖች ያሉት ምናባዊ ልብወለድ ስጀምር ሐሳቤ ቀላል ነበር። አንዱ ገና ሳይወለድ ትንቢት የተነገረለት ልዑል ነው። ሌላዋ እንዳሻት የምትኖር ሌባ ናት። እሱ እጣ ፈንታን፣ እሷ ነጻ ፈቃድን ያሳዩልኛል ብዬ ነበር። ሲያወሩት ያምራል። ሰባት ምዕራፍ ከጻፍኩ በኋላ ግን ልዑሉ ያለበትን ገጽ ሳነብ እኔው ራሴ እንቅልፌ ይመጣ ጀመር።

ምን እንደጎደለ ለማወቅ ትንቢቱ ያለበትን ምዕራፍ አውጥቼ ቀሪውን እንደ አዲስ አነበብኩት። ጉድ ነው! ልዑሉ ለምን ከቤቱ እንደወጣ፣ ለምን እንደሚዋጋ አንድም ፍንጭ የለም። ለካ ሁሉን የሚያደርገው ስለተባለ ብቻ ነው። እኔም «የአርባ ቀን እድሉ ነው» እያልኩ ከሥራዬ ስሸሽ ኖሬያለሁ።

መጻፉን ትቼ ማንበብ ያዝኩ። ሁለት የምናባዊ ታሪክ ገጸ ባሕርያት ላይ ብዙ ቆየሁ። አንዱ በ1932 እ.ኤ.አ. የታየው የደራሲ ሮበርት ሃዋርድ ተዋጊ፣ ኮናን ነው። ሌላው በ1961 የመጣው የደራሲ ማይክል ሙርኮክ ኤልሪክ፣ በብዙ ነገር የኮናን ተቃራኒ ነው። የኮናን አምላክ ክሮም ለሰው ሲወለድ የመታገያ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ «ራስህን ቻል» ነው፣ ጸሎት አይሰማም። ኤልሪክ ደግሞ ሰውነቱ ደካማ የሆነ ንጉሠ ነገሥት ነው። ብርታት የሚሰጠው ነፍስ የሚበላ ጥቁር ሰይፉ ነው። ያ ሰይፍ የሚወዳትን ሴት ይገድልበታል፤ በመጨረሻም እሱን ራሱን።

አንዱ ነጻ፣ ሌላው እስረኛ ማለት ነው? እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር። ግን መጀመሪያ በታተመው ታሪክ ኮናን ቀድሞውኑ ንጉሥ ነው። የወጣትነቱ ታሪኮች የታተሙት ከዚያ በኋላ ነው። ሲሰርቅም፣ በባሕር ላይ ሲዘርፍም አንባቢው ዙፋኑ እንደሚጠብቀው ያውቃል። የነጻው ሰው መድረሻ አስቀድሞ ታትሟል! ኤልሪክ በበኩሉ ፍቅረኛው ከሞተች በኋላ ሰይፉን ወደ ባሕር ይወረውረዋል። ከዚያ ራሱ ሄዶ መልሶ ይይዘዋል። ያንን ቦታ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንም አላስገደደውም፤ ያለ ሰይፉ የሚኖረውን ደካማ ኑሮ ግን አልፈለገውም።

ወደ ረቂቄ ስመለስ ትንቢቱን መለስኩት፤ ግን የሰማችው የልዑሉ እናት ብቻ ናት። እንዳይደርስበት ብላ በግንብ ውስጥ ትዘጋበታለች። እሱ ስለ ትንቢቱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግንቡ ስላንገሸገሸው ያመልጣል። መንገዱም እዚያው የተፈራበት ቦታ ያደርሰዋል። ብልሃቱ ከትንቢት ሲሸሽ ትንቢቱ ላይ ከወደቀው ከጥንቱ የግሪክ ታሪክ ንጉሥ ከኤዲፐስ ዘመን የቆየ ነው፤ አላፍርም። አሁን ልጁ ቢያንስ የሚጠላው ነገር አለው።

ሌባዋ ይበልጥ አስቸገረችኝ። ነጻነቷ ምንም አያስከፍላትም ነበር። ስለዚህ የታመመ ወንድም ሰጠኋት። አሁን ወደ ፈለገችበት በሄደች ቁጥር እሱ ብቻውን ይቀራል።

ሁለቱ ድልድዩ ላይ የሚገናኙበትን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ለየብቻ ጻፍኩት። በሦስቱም ልዑሉ ይመጣል። በአንዱ ሌባዋ ሳትመጣ ትቀራለች። ለመጽሐፉ የመረጥኩት ይህንን፣ ሌባዋ የማትመጣበትን ነው። ከዘጠነኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያለውን ሁሉ እንደገና እየጻፍኩ ነው።