የማልበላው ጥንቸል መረብ

የኩሽናችን በር እጀታ ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ክር ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ቤቴ የመጣ ሀበሻ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። "ምንድነው ይሄ? ዓሣ ማጥመድ ጀመርክ እንዴ?" ዓሣ ቢሆን ኖሮ ማስረዳቱ ቀላል ነበር። የጥንቸል መረብ ነው ስላቸው ትንሽ ዝም ይሉና ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። "ጥንቸል ትበላለህ?"

አልበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ያመሰኳል ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም ተብሎ ከግመል ጋር የተከለከለ ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ ይሄ ነገር ቀልድ አልነበረም። አሁን አድጌ፣ አገር ቀይሬ፣ ስንቱን ነገር ትቼ እሱን ግን አልሞከርኩትም። መረቡን ግን እሠራለሁ። እስካሁን ሃምሳ ምናምን ሠርቻለሁ።

የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ፣ ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት የነበረች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ የከሰል ማዕድን ጡረተኛ ናቸው። ጓሯቸው ካለችው የእንጨት ቤት ውስጥ ሁለት ፌሬት አላቸው። ፌሬት ማለት ሸለምጥማጥ የሚመስል፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ የሚጥመለመል እንስሳ ነው። እኛ ሸለምጥማጥን ዶሮ ሰረቀ ብለን በዱላ እናባርራለን፤ አውሮፓውያን ደግሞ መልኩ እሱን የሚመስለውን አላምደው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ጥንቸል ያሳድኑታል። (ጠረኑን ግን ስለ ፌሬት ሲያወሩ ማንም አይነግርህም። እኔ ነገርኳችሁ።)

አደኑ ቀላል ነው። ጥንቸሎች ከመሬት ሥር ብዙ መውጫ ያለው ጉድጓድ አላቸው። እያንዳንዱ መውጫ ላይ አንድ አንድ መረብ ይዘረጋል። ፌሬቷ በአንዱ ትገባለች። ጥንቸሉ ጠረኗ ሲሸተው እግሬ አውጪኝ ብሎ ባገኘው ቀዳዳ ይፈተለካል፣ መረቡን በደረቱ ይዞት ይሄዳል፣ በሩጫው ኃይል ዙሪያውን ያለው ገመድ ይሳብና መረቡ እንደ ከረጢት አፍ ጥፍንግ ይላል። ገመዱ መሬት ላይ በተተከለ ችካል ታስሯል። አለቀ። ሽቦ የለም፣ ጥይት የለም፣ ያልተፈለገ እንስሳ ቢገባ እንኳ ፈትተህ ትለቀዋለህ።

ሰውዬው መረቡን ሲሠሩ ያየኋቸው በ2020 ነው፣ በኮሮና ቤት በተዘጋብን ጊዜ። አጥራችን ወገብ አይደርስም። አጥሩ ላይ ሚስማር መትተው፣ ሚስማሩ ላይ የብረት ቀለበት አንጠልጥለው፣ ወንበር ስበው ቁጭ ብለዋል። እኔ ዳንቴል መስሎኝ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን መሬት ውስጥ ከሰል ሲቆፍሩ የኖሩ፣ እጃቸው እንደ አካፋ የሆነ ሰው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ዳንቴል ሲሠሩ ታየኝና ሳቄ መጣ። "ና ሞክር" አሉኝ። ሁለት ሜትር ተራርቀን ቆመን በአጥር ላይ አስተማሩኝ። ወሬም ያጣሁበት ጊዜ ስለነበር አልከበደኝም።

ዕቃው ሦስት ነው፤ መርፌ፣ መለኪያና ክር። መርፌው መርፌ ይባል እንጂ የሸማኔ መወርወሪያ ነው የሚመስለው። ጠፍጣፋ ነው፣ አንድ ስንዝር ገደማ ይረዝማል፣ ፊቱ ሾጠጥ ያለ፣ መሃሉ ተፈልፍሎ አንዲት ቀጭን ምላስ ቀርታለች፣ ኋላው ለሁለት የተከፈለ ነው። ክሩን ምላሷ ላይ ታዞራለህ፣ ወደ ታች ወስደህ በተከፈለው ኋላው ታሳልፋለህ፣ መርፌውን ትገለብጣለህ፣ ደግመህ ምላሷ ላይ። እንዲህ እያልክ እስኪሞላ። ብዙ ከሞላኸው ወፍሮ በመረቡ ዓይን አያልፍም፣ ካሳነስከው ረድፍ መሃል ያልቅብህና ክር መቀጠል ይመጣል። መለኪያው ደግሞ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ጣውላ ነው። የኔ ከአሮጌ የትምህርት ቤት ማስመሪያ የተቆረጠ ነው፣ ቁጥሮቹ አሁንም ይታያሉ።

አሁን ቋጠሮው። መለኪያውን ከላይኛው ረድፍ ሥር በግራ እጅህ ትይዛለህ። ክሩን በመለኪያው ፊት አውርደህ ከኋላ ታመጣለህ፣ መርፌውን ከላይ ባለው ዓይን ውስጥ ታሾልካለህ፣ የዓይኑ ጫፍ መለኪያው ጠርዝ ላይ ቁጭ እስኪል ትስባለህ። እዚያች ላይ በአውራ ጣት ጭምቅ። ከዚያ ክሩን ወደ ግራ ወርወር አድርገህ ሰፊ ቀለበት ትሠራለህ፣ መርፌውን ከዓይኑ ሁለት እግሮች በስተኋላ አሳልፈህ በወረወርከው ቀለበት ውስጥ ታወጣለህ፣ ትስባለህ። ጠቅ ትላለች። እሷን ጠቅታ ጣትህ ካወቃት ሌላው ሁሉ ድግግሞሽ ነው።

ጠቅታውን እስክታውቅ ግን ፈተና ነው። "አውራ ጣትህን ካነሳህ አበቃ" ይሉኝ ነበር። ጣቴ ትንሽ ከላላ ቋጠሮው ከዓይኑ ጫፍ ያመልጥና ከታች ይታሰራል። ክፋቱ ደግሞ ሲያዩት ደህና ቋጠሮ ይመስላል። ስትስበው ነው ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተተው፤ አንዱ ዓይን ይሰፋል፣ ጎረቤቱ ይጠባል። የመጀመሪያ መረቤን ሦስት ቀን ሠርቼ በኩራት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘው ሳብ አደረጉት፣ ጡጫቸውን ጨብጠው በአንዱ ዓይን አሳለፉት። ምንም አላሉኝም። መልሰው ሰጡኝና ሻይ ሊያፈሉ ገቡ። ማታ ቁጭ ብዬ ቋጠሮ በቋጠሮ ፈታሁት። መፍታቱ ከመሥራቱ የባሰ ነው፣ የመረብ ቋጠሮ እንደ ጫማ ክር ተለምኖ አይፈታም።

እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ ትዝ አለኝ። አንድ ዙር ላልቶባት ካየች ወስፌውን አስቀምጣ እስከዚያ ድረስ ትፈታው ነበር። ማን ያይብሻል ስላት "ነገ ሲጣመም ሁሉም ያየዋል" ትለኝ ነበር። ያኔ ትርፍ ድካም ይመስለኝ ነበር።

አንድ መረብ ስንት ቋጠሮ እንዳለው ቆጥሬ አውቃለሁ። ቀለበቱ ላይ 18 ዙር ትጀምራለህ፣ ወደ 24 ረድፍ ትወርዳለህ፣ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ይሆናል። ከ400 በላይ ማለት ነው። የመጨረሻውን ረድፍ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ትሰበስባለህ። ከዚያ የመሳቢያው ገመድ በሁለቱም ጎን ባሉት የዳር ዓይኖችና በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ዙሪያውን ይሄድና ሁለቱ ጫፎች ችካሉ ላይ ይታሰራሉ። እሳቸው ይሄን ሁሉ በአንድ ምሽት ይጨርሳሉ፣ ቴሌቪዥን እያዩ፣ እጃቸውን ሳያዩ። እኔ እስካሁን ሁለት ምሽት ይፈጅብኛል።

ክሩ ላይ ሰው ይጣላል። የድሮዎቹ የሄምፕ ክር ይወዳሉ፤ ከቃጫ የለሰለሰ ግን እሱን የመሰለ ነገር ነው፣ ክብደት ስላለው መሬት ላይ ተኝቶ ይቀመጣል። ግን እርጥብ ሆኖ ከረሳኸው ይበሰብሳል። ናይለን አይበሰብስም፣ ግን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ያነሳዋል። እኔ የናይለን ነኝ፤ ሥራ አምሽቼ ገብቼ መረብ ሳሰጣ የማድር ሰው አይደለሁም።

ቋጠሮው ሲገባኝ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማንበብ ጀመርኩ። እዚህ አገር የመረብ መዲና በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት የሚባል አውራጃ ውስጥ ያለችው ብሪድፖርት ናት። ለብዙ መቶ ዓመታት ገመድና መረብ ስትሠራ የኖረች ከተማ ናት፣ ሴቶቹ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ግድግዳ ላይ ማንጠልጠያ መትተው፣ ልጅ እያሳደጉ በክፍያ መረብ ይሠሩ ነበር። በ1966 እንግሊዝ የዓለም ዋንጫን ያነሳችበት የዌምብሌይ ጎል መረብ የመጣው ከዚያ ነው። የስቅላት ገመድም ከዚያው ይሄድ ስለነበር ተሰቅሎ የሞተን ሰው "በብሪድፖርት ጩቤ ተወጋ" ይሉት ነበር አሉ። ይቺን ሳነብ በር እጀታው ላይ ያንጠለጠልኩትን ክር ትንሽ ተጠራጠርኩት።

ጥንቸሉም ቢሆን የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም፣ እንደኔው መጤ ነው። ድሮ ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ለሥጋና ለቆዳ አምጥተው እንደ ከብት ያረቡት ነበር። በኋላ አመለጠና ስንዴ መጨረስ ጀመረ። በ1880 የወጣ ሕግ መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ገበሬ ባለመሬቱ ባይፈቅድም ጥንቸል እንዲይዝ መብት ሰጠው። በ1953 ደግሞ ሚክሶማቶሲስ የሚባል በሽታ ገባና በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶው ጥንቸል አንድ እንኳ መትረፉን እንጃ የሚባልበት ደረጃ ተደረሰ። ጎረቤቴ ያኔ ልጅ ነበሩ። ዓይናቸው ያበጠ ጥንቸሎች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሰው ሲመጣ እንኳ አይሸሹም ነበር ብለውኛል። አባታቸው ያን ዓመት መረቡን አጣጥፈው ሰቀሉት። ይሄን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፣ እኔም አልጨመርኩባቸውም።

ሜዳ የወጣሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ጥር ላይ። ወቅቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ ነው፤ ቅጠሉ ረግፎ ጉድጓዱ ይታያል፣ ግልገል ያላት ጥንቸልም እምብዛም የለችም። የገበሬውን ፈቃድ ይዘን ገና ሳይነጋ ሄድን። መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ረገጥ ስታደርገው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። "ቀስ" አሉኝ። ጥንቸል ከላይ ኮቴ ከሰማ አይወጣም። አሥራ አንድ መውጫ ቆጠርን፣ አሥራ አንድ መረብ ዘረጋን። ሦስቱ የኔ ናቸው። ፌሬቷ አንገቷ ላይ ያለችበትን የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ታሰረላትና ገባች።

ከዚያ ዝምታ። እግሬ ደነዘዘ። ድንገት ከመሬት ሥር ድም የሚል ነገር ሰማሁ፣ በእግሬ ነው የሰማሁት ብል ይቀላል። ጥንቸሉ ሌሎቹን በኋላ እግሩ መትቶ ሲያስጠነቅቅ ነው። አንድ ጊዜ ድም፣ ደግሞ ድም። ሽማግሌው ጣታቸውን አነሱ። እና በኔ መረብ መጣ! ግራጫ ነገር ፈንድቶ ወጣ፣ መረቡን ይዞ ተነሳ፣ ገመዱ ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። አልተዘጋም። ጥንቸሉ ተንከባሎ በተከፈተው በኩል ወጥቶ በአጥሩ ሥር እልም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የኔ ድር ግን አንድ ጥንቸል እንኳ አላሰረም።

ቋጠሮዎቹ ደህና ነበሩ። ጥፋቱ ገመዱ ነው። ርካሽ አግኝቼ የገዛሁት ፀጉራም ገመድ ነበር፣ በውርጩ ረጥቦ አብጦ ዓይኖቹ ውስጥ አልንሸራተት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቋጠሮ ስመረምር ገመዱን አንድ ቀን ሳብ አድርጌ አላየሁትም። እሳቸው መረቡን አንስተው ገመዱን በሁለት ጣታቸው ሄድ መለስ አደረጉትና ከኪሳቸው የተገመደ ለስላሳ ናይለን አወጡ። ኪሳቸው ውስጥ ነበር! ለካ ከቤት ስንወጣ አይተውታል። ቀድሞ መናገር የሚባል ነገር የላቸውም እኚህ ሰው።

እዚያው በረዶ ላይ ቁጭ ብለን ቀየርነው። ረፋዱ ላይ ያው መረብ ያዘ። ልክ አፉ እንደተሳበ ከረጢት ጥፍንግ አለ። ሽማግሌው በፍጥነት፣ ጥንቸሉ ሳይጮህ ጨረሱት። እውነቱን ለመናገር ያቺን ቅጽበት ፊቴን አዙሬ ነበር፣ መረቡን ግን አየሁት። አንድም ዓይን አልሰፋም። በመጨረሻ አራት ይዘን ተመለስን። አንዱን ሊሰጡኝ ዘረጉልኝ፣ እኔ ስለ ሰኮናና ስለ ማመስኳት ማስረዳት ጀመርኩ። "ማለት በግ ቢሆን ትበላለህ?" አሉኝ። አዎ። ራሳቸውን ነቀነቁና ለፌሬቶቹ ቆረጡላቸው፣ ሌላው ቤታቸው ገባ።

እናቴ መጀመሪያ ስነግራት ደንግጣ ነበር። "ልጄ፣ አስነኩህ እንዴ?" አላስነኩኝም እማዬ። ፎቶ ላኩላት። አጉልታ ቋጠሮውን አየችና ስለ ጥንቸሉ መጠየቋን ተወች። ባለፈው ሳምንት ደውላ ጭልፊት ጫጩቶቿን እንደፈጀባት ነገረችኝ። የዶሮዎቹ ግቢ ላይ ከላይ የሚዘረጋ መረብ ሥራልኝ አለች። ስፋቱ ስንት ነው ስላት ስምንት ክንድ በስድስት።

የማን ክንድ?

"የኔ ነዋ!"

እህቴን ሜትር ይዛ ሄዳ ክንዷን እንድትለካልኝ ጠይቄያታለሁ። እስከዚያ መርፌ እየሞላሁ ነው።